መኪናችሁን ከፍ ከማስደረጋችሁ በፊት

(አዳማ ላይ ለፎር ዊል መኪና ባለቤቶችና ሹፌሮች የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ፣ ድግግሞሹም ሳይወጣ፣ እንዳለ ቀርቧል።)

እንደምን ዋላችሁ! አካም ጅርቱ!

ኧረ ጠንከር በሉ። ምሳ አልበላችሁም እንዴ? እንደምን ዋላችሁ!

እሺ፣ አሁን ተሰማኝ። በዚህ የአዳማ ሙቀት፣ ያውም በዕረፍት ቀናችሁ፣ ዕድሜውን መኪና ስር ተኝቶ የጨረሰ ሰው ሲያወራ ልትሰሙ መጣችሁ። አመሰግናለሁ። ከአሰላና ከመተሐራ ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ለማታውቁኝ፣ የኔ ሥራ የመኪና ታችኛው ክፍል ነው። ባሌስትራ፣ ያ ተደራርቦ መኪናውን የሚሸከመው ዝርግ ብረት፤ ሞላ፣ ጥቅልሉ፤ አሞርዛተር፣ የሞላውን መንጠር የሚያበርደው፤ መሪ፤ ጎሚኒ፣ በብረቶች መጋጠሚያ የሚገባው ላስቲክ። ሞተር አልነካም፤ ሞተሩን ለባለሙያዎቹ ትቼላቸዋለሁ። በቅርብ ዓመታት ታዲያ አንድ ጥያቄ እየበዛብኝ መጣ። ወጣቱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ከፍ ያድርጉልኝ" ይላል። ሊፍት ማለቱ ነው፤ የሞላውን ወይም የባሌስትራውን ቁመት ጨምሮ መኪናውን ከፍ ማድረግ። ምን ያህል? "አራት ኢንች።" ለምን? ዝም። ከዚያ ስልኩን ያወጣና ፎቶ ያሳየኛል።

ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ያ ፎቶ ላይ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ በረሃው ድረስ የሄደው በተሳቢ ተጭኖ ነው። ተጫውቶ ሲያበቃ በተሳቢ ይመለሳል። እናንተስ? በዚያው መኪና ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳላችሁ። ከሰዓት ወንጂ ደርሳችሁ ትመጣላችሁ። ቅዳሜ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ትወጣላችሁ። የክረምት ጭቃ የምታገኙት ከስንት አንዴ ነው። ሊፍቱ ግን በየቀኑ አብሯችሁ ነው። በየቀኑ!

ሊፍት አታስገጥሙ ልል አይደለም የመጣሁት። እኔም እገጥማለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ሻጩ የማይነግራችሁን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አራት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሊፍት ምኑን እንደሚያነሳና ምኑን እንደማያነሳ። ሁለተኛ፣ የመገልበጥ ነገር። ሦስተኛ፣ ከስር ያሉት ዕቃዎች። አራተኛ፣ መኪናው ውስጥና መንገዱ ላይ ያሉ ሰዎች። እኩል ሰዓት አልሰጣቸውም፤ አንዱ ላይ ብቆይ አትቆጡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሊፍት ሲገጠም ዲፈረንሻሉ፣ ያ ከስር መሃል ላይ ሆኖ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው እብጥ ያለ የማርሽ ቤት፣ ከመሬት የሚርቅ የሚመስላችሁ? ... አያችሁ፤ ግማሽ አዳራሽ ነው እጁን ያወጣው። አይርቅም! ላንድክሩዘር 70ን ውሰዱ፤ ሃርድቶፑን፣ ፒካፑን። የድሮውን ፓትሮል ውሰዱ። ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል ናቸው፤ ግራና ቀኝ ጎማውን አንድ ወጥ ብረት ነው የሚያያይዘው። ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ነው። አክስሉ ጎማው ላይ ነው። ሞላው ወይም ባሌስትራው ደግሞ በአክስሉና በሻንሲው፣ በመኪናው አጽም፣ መካከል ነው። ስለዚህ ሞላውን ስታስረዝሙ የሚነሳው ከሞላው በላይ ያለው ነው። ሻንሲው ይነሳል፣ ቦዲው ይነሳል፣ እናንተ ትነሳላችሁ። ዲፈረንሻሉ እዚያው ነው። 5 ሴንቲ አስነሱ፣ እዚያው ነው። 10 አስነሱ፣ እዚያው ነው።

ሙሉ አክስል ያለውን ዲፈረንሻል ከመሬት የሚያርቀው የጎማ ቁመት ነው። እሱም በግማሹ ብቻ። 265/70 የ16 ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 285/75 የ16 ብትቀይሩ 834 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ነው። ከአክስሉ በታች የሚገባው የዚህ ግማሽ ነው፤ 28 ሚሊ ገደማ። ሦስት ሴንቲ እንኳን አይሞላም።

አንድ ክረምት አንድ ደንበኛዬ ደወለልኝ። ከኢተያ ወጣ ብሎ ኮትቻ ውስጥ ቆሟል። መኪናው የተነሳ ነው፤ ያነሳሁለት እኔ አይደለሁም፣ ግን ያምራል። ሄድኩ። መንገዱ የስንዴ ማሳ መሃል የሚያልፍ ነው፤ ትራክተርና ኮምባይነር ተመላልሶበት ሁለት ጥልቅ ጉድባ አውጥቷል። ጎማዎቹ ጉድባው ውስጥ ገብተዋል። በሻንሲውና በጭቃው መካከል ሕፃን ተቀምጦ ይጫወታል፣ ያን ያህል ክፍት ነው። ዲፈረንሻሉ ግን መሃለኛው የጭቃ ጀርባ ላይ ተቀምጧል። ከኋላ ሄጄ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጭቃውን እንደ ማረሻ ሰንጥቆት መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ጭቃው አሸንፎ አንጠልጥሎታል። አራቱም ጎማ ያላንዳች ሥራ ይሽከረከራል።

ትራክተር እየጠበቅን እያለን አንድ የግብርና ባለሙያ በሃርድቶፕ መጣ። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ምንም አልተነካም። ወረደና ጉድባውን በእግሩ ዞሮ አየ። የአራቱንም ጎማ ነፋስ ቀነሰ። ግራውን ጎማ ጠርዙ ላይ፣ ቀኙን መሃለኛው ጀርባ ላይ አደረገ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳያቆም፣ ሳያጓራ አለፈ። ማዶ ቆሞ በትንሿ ኮምፕረሰር ጎማውን መልሶ ነፋ። ሰላምታ ሰጥቶን ሄደ። ደንበኛዬ አንዴ የሰውየውን መኪና፣ አንዴ የራሱን ያያል። እኔ ምንም አላልኩም።

አድሏዊ እንዳልሆን፣ ሊፍት የሚጠቅምበትም አለ። ድንጋይ ላይ ስትወጡ የፊት ፓራውልት ቶሎ አይነካም። ጉብታ ላይ ሻንሲው መሃሉ አይቀመጥም። ትልቅ ጎማ ስትገጥሙ ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ አይፈጭም። ፈንታሌ ተራራ ስር ያለውን፣ ቀልጦ የረጋውን የድንጋይ ሜዳ የምታውቁ፣ እዚያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። አፋር ውስጥ የጉዞ ሥራ የምትሠሩም እንደዚሁ። ይሄ ሥራችሁ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። ሥራችሁ ነው ወይ? እሱን ራሳችሁን ጠይቁ።

ወደ ሁለተኛው። እዚህ ላይ ነው የምቆየው።

መኪና መቼ ይገለበጣል? መልሱ በሁለት ቁጥር ይጀምራል። አንዱ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሌላው የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። የጎማውን ርቀት ግማሽ ውሰዱና ለከፍታው አካፍሉት። ውጤቱ ከፍ ሲል መኪናው ይረጋጋል። ዝቅ ሲል ለመገልበጥ ይቀርባል። የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ፣ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የመገልበጥ ደረጃ ሲያወጣ የተነሳው ከዚህ ስሌት ነው።

ለማሳያ ቀላል ቁጥር እንያዝ። የጎማው ርቀት 150 ሴንቲ፣ የክብደቱ ማዕከል 75 ሴንቲ ይሁን። 75 ለ75፣ አንድ ይመጣል። አሁን 5 ሴንቲ አስነሱት። አክስልና ጎማ ስለማይነሱ ማዕከሉ 4 ሴንቲ ከፍ ቢል ነው። 75 ለ79፣ 0.95። "ጋሼ፣ ይቺ ምን አላት?" ትሉኛላችሁ። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

ሊፍት ያስገጠመ ሰው ሊፍት ብቻ አስገጥሞ ይተዋል? አይተውም! ወዲያው ፖርቶመጋላ ያሠራል። ፖርቶመጋላው ላይ ስፔር ጎማ ይወጣል። ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ይወጣል። ድንኳን ይወጣል። በበዓል ደግሞ በግ ይወጣል። ትስቃላችሁ፤ እዚህ መሃል ያላሰረ ማን ነው? እንግዲህ 2,200 ኪሎ መኪና ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከ10 ከፍታ ላይ፣ 100 ኪሎ ጫኑ። የክብደቱ ማዕከል ወደ 6 ሴንቲ ይነሳል። ስሌቱን ቤት ሄዳችሁ ሥሩት። ጣሪያ ላይ ያለው ጭነት ከሊፍቱ የባሰ ነው! ሁለቱን ደምሩ። 75 ለ85 ሆነ። 0.88። ከአንድ ተነስተን የት ደረስን?

ይሄ እንግዲህ ቆሞ ላለ መኪና የተሠራ ሒሳብ ነው። ሲሄድ ሞላው ይጎብጣል፣ ቦዲው ያጋድላል፣ ከዚህም ይብሳል።

ቁልቢ ገብርኤል ሄዳችሁ የምታውቁ እዚህ ብዙ ናችሁ። ሐምሌ 19ንና ታኅሣሥ 19ን አስቡ። ከአዋሽ በኋላ እስከ ሚኤሶ ሜዳ ነው፣ ትለቁታላችሁ። ከዚያ የጭሮ ተራራ ይመጣል። ኩርባው ኩርባውን ይወልዳል። መኪናው ሙሉ ነው፣ ጣሪያው ሙሉ ነው፣ የእናቶች ስለት ሳይቀር ተጭኗል። ፊት ለፊት ከባድ መኪና ኩርባውን ቆርጦ ይመጣባችኋል። መሪ ትመታላችሁ። መልሳችሁ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ትመታላችሁ። መኪና የሚገለበጠው በመጀመሪያው ምት ላይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በመልሱ ላይ ነው። ለምን? በመጀመሪያው ወደ አንድ ጎን ያጋደለው ክብደት፣ በመልሱ ተወርውሮ ወደ ሌላው ጎን ስለሚሄድ።

ፈረንጆቹ ይሄንን የሚፈትሹበት ዘዴ አላቸው። ስዊድን ውስጥ ሙስ የሚባል ትልቅ አውሬ ድንገት መንገድ ይገባል። እሱን የመሸሽ ፈተና ነው፤ ወደ ግራ ትመታላችሁ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ ትመልሳላችሁ። በ1997 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት አዲስ የወጣውን ትንሹን መርሴዲስ፣ ኤ ክላሱን፣ በዚህ ፈተና ገለበጠው። ኩባንያው ሽያጩን አቆመ። ምን አደረገ መሰላችሁ? የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ጨመረ፣ መኪናውንም ዝቅ አደረገው። ልብ በሉ፤ ዝቅ አደረገው! በ2016 ደግሞ ያው መጽሔት ሃይሉክስን ፈተነ። ሃይሉክስ በሁለት ጎማ ቆመ። ሊፍት ያልተገጠመለት፣ ከፋብሪካ የወጣ ሃይሉክስ ነው የምላችሁ።

እኛ አገር ሙስ የለም። አህያ ግን አለ። መተሐራ መንገድ ላይ ግመል አለ። ፍየል አለ። እነሱ ደግሞ መንገድ ሲገቡ አያስታውቁም።

አንድ የአዳማ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ነፋሱ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ታውቃላችሁ። መጀመሪያ 34 ተከሉ፣ ቀጥሎ 102 ተከሉ። ለዕይታ አይደለም የተተከሉት፤ እዚህ አካባቢ ነፋስ ስላለ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ያ ነፋስ በጎን ሲመታችሁ፣ የተነሳ መኪና ጣሪያው ጭነት ይዞ እንዴት እንደሚገፋ ነድቶ ያየ ያውቀዋል። የነዳጁን ነገርማ አታንሱት። የአየር ግፊት በፍጥነት ስኩዌር ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 120 ስትወጡ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስሩ ከፍቶ ለተቀመጠ መኪና ይሄ ሁሉ ናፍጣ ነው።

ሦስተኛ፣ ከስር ያሉት። እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃችኋለሁ። ይሄን ማን ይከፍላል?

ከመሪ እንጀምር። ደህና መኪና ኩርባ ጨርሳችሁ መሪውን ላላ ስታደርጉ ራሱ ወደ መሃል ይመለሳል አይደል? እሱን የሚያደርገው የፊት እግሩ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን ነው፤ ካስተር እንለዋለን። ላንድክሩዘር 70 ከ1999 ወዲህ ፊቱ በሞላ ነው፤ አክስሉን የሚይዙት ከኋላው ከሻንሲ የሚመጡ ሁለት ክንዶች ናቸው። መኪናውን ስታስነሱ ክንዶቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። አክስሉም አብሮ ይዞራል። ካስተሩ ያንሳል። ውጤቱ? በ100 ኪሎ ሜትር መኪናው መንገድ ይፈልጋል። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። አዲስ አበባ ስትደርሱ ትከሻችሁ ዝሏል። አላይመንት ቤት ወሰዳችሁት። ልጁ ማሽኑን ያያል፣ ያያል፣ "ይሄ አይስተካከልም" ይላችኋል። እውነቱን ነው! ሙሉ አክስል ላይ ካስተር የሚስተካከልበት ቡሎን የለም። ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ያለ ልዩ ጎሚኒ ወይም ልዩ ብረት ይፈልጋል። አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግም ስላዘነበለ አክስሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። እሱም የሚስተካከል ዘንግ ይፈልጋል። ሊፍቱን የሸጠላችሁ ሰው ይሄን ጨምሮ ሸጠላችሁ? ካልጨመረ ይሄን ማን ይከፍላል?

ሃይሉክስና ፕራዶ ደግሞ ሌላ ናቸው። የፊት ጎማቸው እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚንቀሳቀሰው። ፊቱን ስታነሱ ሴሚያሱ፣ ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ ወደ ታች ያዘነብላል። ጫፉ ላይ ያለው የላስቲክ መሸፈኛ፣ ያ እጥፍ እጥፍ ያለው፣ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው ይለጠጣል። እጥፋቶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ይቀደዳል። ግራሱ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ይረጫል። አቧራ ይገባል። ከዚያ መሪ አጥፋችሁ ስትነሱ ቀ፣ ቀ፣ ቀ፣ ቀ። ያን ድምፅ ስትሰሙ ሴሚያሱ ሄዷል።

አሁን አንድ ወሬ ላምጣ። አንድ ልጅ መጣ፣ ደስ የሚል ልጅ፣ ሃይሉክስ ይዞ። ፊቱ ተነስቷል። በምን ተነሳ? ቶርኖ ቤት ወፍራም ብረት አስቆርጦ ከሞላው ራስ ላይ አስገብቶበታል። ርካሽ ነው፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። "ጋሼ፣ ጉድጓድ ሲገባ ካ! ይላል" አለኝ። ክሪክ አድርጌ አነሳሁት፣ ጎማውን አወረድኩት። አሞርዛተሩ ያው የድሮው ነው፤ አልረዘመም። ብረቱ መኪናውን ያነሳው ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ በልቶ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ገና ሳይወርድ ያልቅበታል፤ አሞርዛተሩ ጫፉ ድረስ ተለጥጦ ይመታል። የላይኛው ክንድ ሞላውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቦል ጆይንቱ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው የኳስ መጋጠሚያ፣ በማይሠራበት ማዕዘን ላይ ቆሟል። "ልጄ፣ ይቺ መኪና ሸካራ መንገድ ላይ ከፋብሪካ ከወጣችው አንሳለች" አልኩት። አላመነኝም። የጓደኛውን ያልተነካ ሃይሉክስ አምጥተን በአንዱ ጉድጓድ ሁለቱንም አሳለፍናቸው። ያኔ አመነ።

የድሮው ሃይሉክስ ቶርሽን ባር፣ በሞላ ፋንታ የሚጠመዘዝ ዘንግ፣ ያለው ደግሞ አለ። እሱማ ብረትም አይፈልግም፤ ቡሎኑን ታጠብቃላችሁ፣ ፊቱ ይነሳል። ነጻ ነው! ነጻ ስለሆነ ነው ሁሉም የሚያጠብቀው። የሚሆነው ግን ያው ነው።

ይቺን ደግሞ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፣ ብዙ መካኒክም ይረሳታል። ብዙ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር የኋላ አክስሉ አጠገብ ክንድ ያላት ትንሽ የፍሬን ቫልቭ አለች። ሥራዋ ጭነት መለየት ነው። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ክንዷ ትንቀሳቀሳለች፣ ለኋላ ጎማ ብዙ የፍሬን ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች፣ ኋላው እንዳይንሸራተት። መኪናውን ስታስነሱስ? ቫልቯ ሊፍት የሚባል ነገር አታውቅም። መኪናው ከፍ ስላለ "ባዶ ነው" ትላለች። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት እየወረዳችሁ፣ የኋላ ፍሬናችሁን ትቀንስባችኋለች! የሚስተካከለው በአንዲት ትንሽ ብረት ነው። ግን ያነሳላችሁ ሰው አስተካክሏታል? ጠይቁት። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹንስ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ አይወጠሩም ወይ? ጠይቁት። ባላወቀው ከደነገጠ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ካርዳን፣ ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚወስደው ረጅም ዘንግ፣ እና መጋጠሚያው ክሮቼራ አሉ፤ ማዕዘኑ ሲቀየር ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎ ያልቃል። ይሄን አላረዝመውም። ትልቅ ጎማ ከገባ ደግሞ ቆጣሪው ይዋሻል። ቅድም ባልኳችሁ ሁለት ጎማ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ቆጣሪው 120 ሲል እናንተ 129 ልትሞሉ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ትራፊክ ሲያቆማችሁ "ቆጣሪዬ" አይሠራም። ማርሹም በዚያው ልክ ይከብዳል። ቱርቦ የሌለው ዋን ኤችዜድ ሞተር ያላችሁ፣ ከዚህ ወደ አሰላ ስትወጡ አየሩም እየሳሳ ነው የሚሄደው። ቅድም በአራተኛ የወጣችሁትን ዳገት በሦስተኛ ትወጡታላችሁ። እና ይሄን ሁሉ ማን ይከፍላል?

አራተኛው። አጭር ነው።

እናታችሁን አስቧቸው። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ የተነሳ መኪና ውስጥ ሲገቡ አይታችኋል? እኔ ሰፈር አንድ መኪና አለ፣ ዱካ ይዞ ነው የሚዞረው። ሰርግ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ዱካው ይወርዳል፣ ከዚያ አክስቶች ይወርዳሉ። ሲሄዱ አክስቶች ይገባሉ፣ ዱካው ይገባል። አንድ ቀን ዱካው ሰርጉ ቤት ቀረ። የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

ቀልዱን ትተን፣ ባጃጅ። አዳማ ውስጥ ያለው ባጃጅ ብዛቱን ታውቃላችሁ። ከፍ ብላችሁ ስትቀመጡ የበለጠ የምታዩ ይመስላችኋል። ሩቁን፣ አዎ። ቅርቡን ግን አይደለም! ዓይናችሁና ኮፈኑ እኩል ነው የሚነሱት። ከኮፈኑ ፊት የማይታየው መሬት ይረዝማል እንጂ አያጥርም። እዚያ የማይታይ ቦታ ላይ ማን ይቆማል? ልጅ ይቆማል። ግጭት ሲመጣም ፓራውልታችሁ የሌላውን መኪና ፓራውልት አልፎ በር ላይ፣ መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው።

መብራትም አለ። ፊቱን ብቻ ያስነሳችሁ ሃይሉክሶች፣ እናንተን ነው። የአዲሱ ሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ገደማ ነው። ፊቱ 5 ሴንቲ ሲነሳ መብራቱ 50 ሜትር ላይ በ80 ሴንቲ ከፍ ይላል። አጭር መብራት አድርጋችሁ ሰው ዓይን ውስጥ ናችሁ። ማታ በድሮው የሞጆ መንገድ ስትሄዱ ሰው ሁሉ መብራት የሚያበራባችሁ ሰላምታ እየሰጣችሁ አይደለም።

እንግዲህ፣ "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሰምቼም ላስገጥም ነው" የሚል ካለ፣ ይምጣ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከ5 ሴንቲ አላልፍም። ከአውስትራሊያ የሚመጡት ስመ ጥሩ ዕቃዎች ብዙዎቹ 4 እና 5 ሴንቲ አካባቢ የሚቆሙት ሰዎቹ ከፍ ማድረግ አቅቷቸው አይደለም። ሞላና አሞርዛተር አብረው የተሠሩ ይሁኑ፤ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ አልቀላቅልም። ሞላው ለምትጭኑት ክብደት የተመረጠ ይሁን። የ300 ኪሎ ሞላ ገጥማችሁ ባዶ ከነዳችሁ መኪናው ይዘላል፣ ጎማው መሬት ይለቃል። ካስተርና የፍሬን ቫልቭ ሳይስተካከል መኪናው ከኔ ጋራዥ አይወጣም። ኢንሹራንሳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በጽሑፍ። ፖርቶመጋላውን አራግፉ። እና ከሁሉም በፊት፣ ሊፍቱን ከመግዛታችሁ በፊት፣ በዚያው ብር ጥሩ ጎማ፣ ጥሩ ኮምፕረሰርና ከሞተር ስር የሚገጠም መከላከያ ብረት ግዙ። አንድ ክረምት ሞክሩት። ከዚያ በኋላም ካማራችሁ ኑ።

ጥያቄ ካለ ልቀበል። እሺ፣ ወንድሜ ከኋላ።

(ከተሰብሳቢ፦ ፒካፕ አለኝ፣ ስንዴ እጭንበታለሁ። አንድ ሁለት ባሌስትራ ባስጨምር ከፍም ይላል፣ ጭነቱም ይጨምራል አይደል?)

ከፍ ይላል። ጭነቱ ግን አይጨምርም! ሊብሬው ላይ ያለው የጭነት ልክ ባሌስትራ አይቶ አይደለም የተጻፈው። ፍሬኑ ያው ነው፣ አክስሉ ያው ነው፣ ኩሽኔታው ያው ነው፣ ሻንሲው ያው ነው። ባሌስትራ ስትጨምር ኋላው መጎንበሱን ነው ያስተውከው፤ "በዛ" የሚልህን ምልክት ነው ያጠፋኸው። ደግሞም ቅድም ያልኳትን ቫልቭ አትርሳት።

አንድ ልጨምር። እህቴ፣ ቀጥዪ።

(ከተሰብሳቢ፦ ያገለገለ ፕራዶ ልገዛ ነው፣ ሊፍት አለው። ምኑን ልይ?)

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ አቁሚውና ሜትር ያዢ። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ለኪ። ግራና ቀኙ በግልጽ ከተለያየ ወይ ሞላ ደክሟል ወይ ሥራው የይድረስ ነው። መሪውን ሙሉ አጥፊና ከፊት ጎማ ጀርባ በባትሪ አብሪ፤ የሴሚያሱ መሸፈኛ ላይ ስንጥቅ ወይም ግራስ ካየሽ ያዢለት። በፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ እጅሽን አሳልፊ፤ ውስጡ ብቻ ተበልቶ ከሆነ አላይመንቱ አልተስተካከለም። ከዚያ ንጂው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሪውን ላላ አድርጊና መንገድ ይፈልግ እንደሆነ እዪ። ነጻ ቦታ ላይ ጠንከር አድርገሽ ፍሬን ያዢ። የኮረኮንች መንገድም ይኑርበት፤ "ካ" የሚለውን እዚያ ነው የምትሰሚው። መጨረሻ ላይ ባለቤቱን የፋብሪካው ሞላና አሞርዛተር የት እንዳሉ ጠይቂው። ካሉ አብረው ይምጡ። ከሌሉ ዋጋቸውን ከመኪናው ላይ ቀንሺ።